አርባ ዓመት አይጥ፣ አንድ ጊዜ አህያ

ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስሸከም ወገቤ እምቢ አለኝ። አንዲት ጓደኛዬ «አረጋዊ መንከባከብ ለምን አትሞክሪም? ሰው እንደ ካርቶን አይከብድም» ብላ ወደ አንድ ኤጀንሲ ወሰደችኝ። ውሸቷን ነበር። ካርቶን ቢያንስ «እንደሱ አይደለም፣ በዚህ በኩል ያዢኝ» ብሎ አይቆጣም። ግን የፈረንጆቹ 2020 መገባደጃ ነው፤ ሰው ሁሉ ማስክ ለብሶ በሩቁ የሚተያይበት፣ ሥራ ያገኘ ሰው አልሃምዱሊላህ ብሎ ዝም የሚልበት ጊዜ ነው።

የመደቡኝ እዚሁ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር፣ አንድ የቆየ የቀይ ሸክላ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩ የሰማንያ አራት ዓመት ጀርመናዊት ነበር። ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ገና ማገገማቸው ነው። ኤጀንሲው የሰጠኝ ወረቀት ላይ «ፔይንተር ነበሩ» ይላል። እኔ ቤት የሚቀቡ መስሎኝ፣ በዚህ ዕድሜያቸው መሰላል ላይ ምን ሊሠሩ ወጡ ብዬ አዘንኩላቸው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ዎከራቸውን ተደግፈው ከማስኬ በላይ የቀረውን ፊቴን ትክ ብለው አዩት። ሰላም እንኳ አላሉኝም።

«መሳል ትችያለሽ?»

«አልችልም» አልኩ።

«ጥሩ። ካንቺ በፊት የነበረችው ትችል ነበር። ምክር ትሰጠኝ ነበር።»

ስማቸውን ለመጥራት ብሞክር ምላሴ ተሰናከለ። ደግሞም ከእናቴ የሚበልጡ ሴት በስማቸው ጠርቼ አላውቅም። «እትዬ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለታላቅ እህት የሚባል ነው አልኩ።

«ለአያት የሚሆን ቃል የላችሁም?»

«አለን። ግን እትዬ ዕድሜ ይቀንሳል።»

በዚያው ጸደቀ።

ጉዱ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ወጥ ቤት ዕቃ እያጠብኩ ዘወር ስል ከምድጃው ሥር አንድ ግራጫ ነገር አየሁ። እኔ የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ኮምቦልቻ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ እኛ ቤት አይጥ ሲታይ አይጮህም፣ ይመታል። መጥረጊያውን አንስቼ ሦስት ጊዜ አሳረፍኩበት። በሦስተኛው ጆሮው ተገንጥሎ ፍሪጁ ድረስ በረረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው አይጡ ሰደርያ ለብሷል። ዓይኖቹ ቁልፍ ናቸው። ከሱፍ ጨርቅ በእጅ የተሰፋ፣ ዕድሜ የጠገበ አሻንጉሊት ነበር።

የዎከሩ ድምፅ ቀጭ ቀጭ እያለ ቀረበ። እኔ በአንድ እጄ አይጡን፣ በሌላው ጆሮውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሥራዬ እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ለባሌ የምነግረውን አስባለሁ።

«ስንት ጊዜ መታሽው?» አሉኝ እትዬ።

«ሦስት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አርባ ዓመት ሙሉ ይህን ማድረግ ስመኝ ኖሬያለሁ» አሉና ሳቁ። ሳቁ ሳል እስኪሆንባቸው ሳቁ። ውሃ ሰጠኋቸው። ያን ቀን የቤቱን ግድግዳ ደህና አድርጌ አየሁት። ለካ ዙሪያው አይጥ ነው። ጃንጥላ የያዘ አይጥ፣ ጀልባ የሚቀዝፍ አይጥ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፉን የከፈተ አይጥ። እትዬ ቤት ቀቢ ሳይሆኑ የልጆች መጽሐፍ ሰዓሊ ነበሩ።

ታሪካቸውን በየቀኑ በቁራጭ በቁራጭ ነገሩኝ፤ ካልሲ ሳለብሳቸው፣ ሾርባ ሳሞቅ፣ ጸጉራቸውን ሳበጥር። የተወለዱት በሰሜን ጀርመን አንድ የወደብ ከተማ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፍቅራቸው ትልልቅ እንስሳ ነበር። መጠቅለያ ወረቀት ባገኙ ቁጥር ፈረስ ይስሉበታል፤ ወረቀቱ ስለማይበቃ ብዙዎቹ ፈረሶች ጭራ አልነበራቸውም። የሥዕል ትምህርታቸውን ጨርሰው ያገኙት የመጀመሪያ ሥራ የአትክልት ዘር የሚያሽግ ድርጅት ውስጥ ነው። ፓኬቱ ላይ ያለውን አትክልት ይስላሉ።

«ሁለት ዓመት ካሮት ሳልኩ» አሉኝ። «በሦስተኛው ዓመት ዕድገት ሰጡኝና ወደ ጎመን ተዛወርኩ።»

ከጎመን ያወጣቸው አንድ አሳታሚ ነው። የፈረስ ታሪክ ነበረው፤ እትዬ ሲያልሙት የኖሩትን ፈረስ ገጹን ሞልተው ሳሉት። አንድ ገጽ ላይ ጥግ ላይ ባዶ ቦታ ተረፈ። ባዶ ከሚሆን ብለው ሰደርያ የለበሰ ትንሽ አይጥ ጣል አደረጉበት። አሳታሚው ሥዕሎቹን አይቶ «ፈረሱ መልካም ነው፤ ይሄ አይጥ ግን ማነው?» አለ። የሚቀጥለው መጽሐፍ የአይጡ ሆነ። ከዚያም የሚቀጥለው። አግብተው ወደ ኮሎምበስ ሲመጡ አይጡም አብሮ መጣ። ባላቸው እዚህ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምህንድስና ሲያስተምሩ፣ እሳቸው ፎቅ ላይ አይጥ ይስሉና በፖስታ ባሕር ማዶ ይልካሉ። አልፎ አልፎ ዝሆን ይልካሉ፤ ግመል ይልካሉ። አንድ ጊዜ ዓሣ ነባሪ ልከው ነበር። መልሱን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠውታል። አውጥተው እየተረጎሙ አነበቡልኝ፤ «ዓሣ ነባሪው እጅግ ያምራል። አይጥ ቢሆንስ?»

በ2021 መጀመሪያ፣ በረዶው ደጃፉን ዘግቶ ባለበት ሰሞን፣ ከአሳታሚው ቤት አዲስ አርታኢ በቪዲዮ ደወለች። ትልቅ መነጽር ያደረገች ወጣት ናት። ታብሌቱ አልቆም ብሎ ስለሚወድቅ እኔ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። በጀርመንኛ ጀመሩ። እትዬ ሲናደዱ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራሉ፤ ምስክር እንድሆናቸው ይመስለኛል። እንግሊዝኛው ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። አርታኢዋ አንድ የመጨረሻ የአይጥ መጽሐፍ ትፈልጋለች። እትዬ አህያ ይላሉ።

«ሳልሞት አንድ ባለ ኮቴ እንስሳ እስላለሁ» አሉ። «ፈረሱን ወስዳችሁብኛል። አህያውን አልሰጣችሁም።»

«አህያ ያስቸግራል» አለች ልጅቷ። «የዛሬ ልጆች አህያ አያውቁም።»

ዝም ማለት ነበረብኝ፤ የእኔ ሥራ ታብሌት መያዝ ነው። ግን ከአፌ አመለጠኝ። «አህያ የማያውቅ ልጅ አለ እንዴ?»

ልጅቷ ወዲህ ወዲያ ፈለገችኝ። «ማናት እሷ?»

«የአህያ አማካሪዬ ናት» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ።

«የት ነው ያጠናችው?»

«ወፍጮ ቤት» አልኩ። ደግሞ ውሸት አይደለም። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጻፈችው። ሦስት የሙከራ ሥዕል ላኩ፣ ከዚያ እናያለን ብላ ተስማማች።

በማግስቱ እትዬ የመጀመሪያውን አህያ ሳሉና አሳዩኝ። ቆንጆ ሥዕል ነው። አህያ ግን አይደለም።

«ምንድነው ታዲያ?» አሉኝ።

«መርዶ የሰማ ፈረስ።»

ሁለተኛውን ሳሉ። ጆሮው የጥንቸል ነው አልኩ። እርሳሳቸውን ወረወሩት። «ምክር!» ብለው ጮኹ። ከእኔ በፊት የነበረችው ሴት ምክር ትሰጥ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ወደ ሳህኔ ተመለስኩ። ትንሽ ቆይተው ከሳሎን «ቀጥዪ እንጂ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ቀጠልኩ። በአባቴ ግቢ ተራ ሲጠብቁ እያየሁ ያደግኳቸውን አህዮች ነገርኳቸው። አህያ ሲጠብቅ በሦስት እግሩ ይቆምና አንዱን የኋላ እግሩን በኮቴው ጫፍ ያሳርፋል። ጆሮዎቹ ለየብቻ ነው የሚሠሩት፤ አንዱ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለራሱ ጉዳይ። ሲያይ ፊት ለፊት አያይም፣ በጎን ነው። ሐሳብ አለው፤ ለማንም ግን አያካፍልም።

«አሳዪኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«አቋቋሙን።»

«እትዬ፣ እኔ ባለትዳር ሴት ነኝ። አህያ አልሆንም።»

«እኔ ሰማንያ አምስት ሊሞላኝ ነው። ጊዜ የለኝም።»

ይህን ሲሉኝ ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ስካርፌን አጥብቄ ምንጣፉ ላይ በእጅና በጉልበቴ ተንበረከክኩ። አህያ ያለ ጭነት ወገቧ አይታወቅም ብለው ከወጥ ቤት የሩዝ ከረጢት አስመጡኝ፤ አምጥቼ ተመልሼ ተንበረከክኩ፤ እሳቸው ከሶፋው ጫፍ እየገፉ ጀርባዬ ላይ አደላደሉት። ይስላሉ፤ እኔ በጎን አያለሁ።

«ድምፁስ?» አሉ።

«ድምፅ አይሳልም እኮ።»

«አፉ ይሳላል።»

አናፋሁ። የመጀመሪያው እፍረት ያዘውና ተልፈሰፈሰ። ሁለተኛውን ከሆዴ አወጣሁት፤ ወላሂ የአባቴ ግቢ ትዝ አለኝ። የጎረቤት ውሻ መለሰልኝ። ቀና ስል የእትዬን ዳሌ እየመጣ የሚያሠራው ቴራፒስት ቦርሳውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። እንዲገባ ብዬ በሩን ክፍት የተውኩት እኔው ነኝ።

«ኢዝ ኤቭሪቲንግ ኦኬ?» አለ።

«ጸጥ በል፤ ሥራ ላይ ነን» አሉት እትዬ ከወረቀታቸው ሳይነሱ።

በሚቀጥለው ቀን የኤጀንሲው ሱፐርቫይዘር ኮል አደረገችልኝ። ድምፅዋ በጣም ጥንቃቄ የተሞላ ነው። «ክላየንትሽ ሩዝ ይጭኑብሻል የሚል ሪፖርት ደርሶናል። ሴፍ ነሽ?»

«ሴፍ ነኝ።»

«በፈቃድሽ ነው?»

«በፈቃዴ ነው። ሥዕል ነው።»

የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። «ሩዙ ስንት ፓውንድ ነው?»

«ሃያ።»

«ኦኬ። ከሃያ አምስት እንዳያልፍ፤ ፖሊሲ ነው» ብላ ዘጋችው።

ሦስቱ ሥዕሎች ተላኩ፤ አርታኢዋ ወደደቻቸው። ዓመቱን ሙሉ ሠራን። ሠራን ስል እሳቸው ይስላሉ፣ እኔ ብሩሽ አጥባለሁ፣ ቀለም እበጠብጣለሁ። በግራጫው ቀለም ብቻ አንድ ሳምንት ተጨቃጨቅን። የእሳቸው ግራጫ የታጠበ ነው፤ አህያ ደግሞ አቧራ አለበት። በመጨረሻ ቡናማ ጠብ አድርጌ ስሰጣቸው ምንም ሳይሉ ተቀበሉኝ። ያ ከእሳቸው ምስጋና ነው። ወደ መገባደጃው ግን የሥራ ክፍሉን በር እየዘጉ ብቻቸውን መሥራት ጀመሩ። የተጨረሱትን ሥዕሎች አንድም አላሳዩኝ።

በ2022 ጸደይ ከጀርመን ካርቶን መጣ። እትዬ አንድ መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝና ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እቤትሽ ሄደሽ እዪው» አሉኝ።

ሂሊያርድ፣ አፓርትማችን ስገባ ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ይገባታል፣ መልሷ ግን ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ሶፋው ላይ ተጋድማ ሁለት ገጽ ገለጠችና ቀና አለች።

«ማም፣ ዋይ አር ዩ ኢን ዘ ቡክ?»

«የቱ ጋ?»

«ዘ ዶንኪ።»

ወስጄ አየሁት። አንዲት አህያ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆማለች። አንድ የኋላ እግሯን አሳርፋለች። ከአንገቷ እስከ ጎኗ የቦርሳ ማንገቻ አለባት፤ የእኔን ቦርሳ የመሰለ። ይሄ ሁሉ ይሁን። ዓይኗ ግን! ባሌ «ዕቃውን አሁን አጥበዋለሁ» ሲለኝ የማየው አስተያየት ነው። በጎን፣ ሳላምን፣ ግን ሳልናገር።

ባሌ ሲገባ አሳየችው። መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው፤ «ይሄንንማ ሥራ ቦታ ካላሳየሁ!» አለ። ዌርሃውስ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ የሺፍቱ ግማሽ ሐበሻ ነው፤ የወሎም የአዲስ አበባም ሰው አለበት።

በሦስተኛው ቀን ፊቱን አጥቁሮ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም።»

«ንገረኝ እንጂ።»

«የአህያ ባል ብለውኛል።»

ከንፈሬን ነከስኩ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሐበሻ የለም። ባሌ ፎርክሊፍቱን ይዞ ብቅ ሲል አንዱ ከመደርደሪያ ጀርባ እንደ ጅብ ይጮህበታል። ብሬክ ሰዓት ላይ «ሚስትህን ደብቅ» ይሉታል። ሱፐርቫይዘሩ ፈረንጅ እንኳ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መጮህ ተምሯል።

«ይቺ ሴትዮ ሰድባሻለች» አለ። «ሰድባናለች! ነገ ሥራውን ትተያለሽ።»

«ፎቶውን ያሳየሁት እኔ ነኝ?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። ያኔ ግን የእኔ ንዴት መጣ። እስከዚያ ስስቅ ነበር፤ አሁን ቃሉ ገባኝ። ትምህርት ቤት አስተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ መልስ ያቃተውን ልጅ የሚለው ምን ነበር? አህያ። ዓመት ተኩል ሰውነታቸውን አጥቤ፣ ጥፍራቸውን ቆርጬ፣ ምንጣፍ ላይ ተንበርክኬ፣ ያዩብኝ ይሄንን ነው?

በማግስቱ ዕቃ ሳጥብ ሳህኑን አንኳኳሁት። ኩባያውን አንኳኳሁት።

«ተናገሪ» አሉኝ እትዬ። «የሚሰበር ዕቃ አልተረፈኝም።»

እጄን ሳላደርቅ ወጣሁ። «እትዬ፣ በእኛ አገር ሰውን አህያ ማለት ስድብ ነው።»

«በእኛም አገር ስድብ ነው» አሉ።

ይህን አልጠበቅኩም። አላወቁም ነበር፣ ይቅርታ ይጠይቁኛል፣ እኔም እያቅማማሁ ይቅር እላለሁ ብዬ ነበር መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት። እሳቸው ግን ደረጃው አጠገብ ያለውን የባላቸውን ፎቶ አውርጄ እንዳመጣ አዘዙኝ። ሰውየው ከሞቱ ቆይቷል፤ ፎቶውን በየሳምንቱ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ አይቼው ግን አላውቅም። ያን ቀን አየሁት። ትንሽ አገጭ። ወደ ፊት ሾጠጥ ያለ አፍንጫ። ከጭንቅላታቸው የሸሹ ጆሮዎች። ሰደርያ።

«አይጡ!» አልኩ። ሳቄ ከንዴቴ ቀድሞ ወጣ።

«ያኔ እኛ ቤት ፎቅ ላይ ክፍል የተከራየ አሜሪካዊ ተማሪ ነበር» አሉ። «ገጹ ላይ ባዶ ቦታ ስታገኚ በልብሽ ያለውን ነው የምትስይው።»

«ያውቁ ነበር?»

«አንድ ቀን እንኳ አላወቀም። 'ይህ አይጥ የማውቀውን ሰው ይመስለኛል፤ ማንን ነው?' እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ፖስታ የሚያመጣውን ሰውዬ ነው እለዋለሁ። ለገና ለፖስተኛው ኬክ ይሰጠው ነበር፣ እንኳን ደስ ያለህ እያለ።»

ፎቶውን ተቀብለውኝ ጭናቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ በኋላ እንደወትሮው የሚቆጣ ድምፅ አልነበራቸውም። «ሰባ አህያ ሳልኩ» አሉኝ። «ሁሉም የአንቺ መርዶ የሰማ ፈረስ ሆኑ። የማልወደውን ሰው መሳል አልችልም፤ ሞክሬያለሁ፣ አይሆንልኝም። ስለዚህ አንቺን ሳልኩ፤ አህያዋ መጣች።»

ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ስኳሩን ሁለት ጊዜ ጨምሬበት ኖሮ ሊጠጡት አልቻሉም።

ለባሌ የነገርኩት ስለ ፎቶው ብቻ ነው። ሌላውን ለራሴ አስቀረሁት። ሰውየው አርባ ዓመት አይጥ ሆነው መኖራቸውን ሲሰማ ቀለል አለው። ሥራ ቦታም ሰው ሰለቸውና ጅቦቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

መጽሐፉ እንደ አይጡ አልሆነም፤ ግን ሰው ወዶታል ብላ አርታኢዋ ጻፈች። የልጆች ደብዳቤም ይመጣ ነበር። አንዱ ሕፃን «አይጡ የት ሄደ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ካርድ አውጥተው መልስ ጻፉ። ምን አሉት ብላቸው «ሞቷል» አሉኝ። ካርዱን ነጥቄ ደበቅኩት። ግማሽ ሰዓት ተከራክረን «ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ሄዷል» በሚል ተስማማን፤ ጀልባም ሳሉበት።

በዚያው ዓመት መከር ላይ ዓይናቸው ደከመ፤ ደረጃውም እየከበዳቸው ሄደ። የወንድማቸው ልጅ ጀርመን መጥተው አብረዋት እንዲኖሩ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ። ኤርፖርት ማን ይወስዳቸዋል ሲባል ባሌ «እኔ» አለ። ገርሞኝ በጎን አየሁት።

የዚያን ቀን እሳቸው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ሥዕሎቹ የተጠቀለሉበትን ረጅም ካርቶን አቅፌ ከኋላ። ባሌ ብሮድ ስትሪት ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። በአማርኛ ነው የተናገረኝ፤ «እስቲ ጠይቂልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«እኔን ቢስሉኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር በያቸው።»

ነገርኳቸው። መብራት ይዞን ቆመናል። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ እሱ ዞሩና ያንን ረጅም አስተያየታቸውን አዩት። ባሌ አንገቱን ቀጥ አደረገ። ሆዱን ሳበ። አንበሳ እየጠበቀ እንደሆነ ከኋላ ሆኜ ታየኝ።

«ዳክ» አሉ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ኤርፖርት ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ አወረደላቸው፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ሠራተኛ መጥቶ አስቀመጣቸው። እኔ ለማቀፍ ጎንበስ ስል ማስኬን በጣታቸው ዝቅ አድርገው ሙሉ ፊቴን አንድ ጊዜ አዩና መልሰው ወደ ላይ ሳቡት። «ሂጂ አሁን፤ ፓርኪንጉ ያስቀጣችኋል» አሉኝ።

ሰባ ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ወጥተን ወደ ምዕራብ ስንነዳ ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እኔ በመስኮት እያየሁ ዓይኔን እየጠረግኩ ነበር። ዳውንታውንን ካለፍን በኋላ ድንገት «ዳክዬ በምድር ይሄዳል» አለ።

«ይሄዳል።»

«ይዋኛል።»

«አዎ፣ ይዋኛል።»

«ደግሞ ይበራል።» መሪውን በሁለት እጁ ጠበቅ አደረገ። «አንበሳ ይበራል?»

«አይበርም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና፣ ወደ ሂሊያርድ የሚወስደው መውጫ ሲደርስ ፍሬቻ አበራ።